ውሃ መውጫው «ክፍት» ከሆነ የዓይን ግፊት ለምን ይጨምራል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ከወር በፊት ግላኮማ አለብሽ ተባለች። የቀኝ ዓይኗ ግፊት 31፣ የግራው 28 ነው። ሐኪሙ «ክፍት የሚባለው ዓይነት ነው፣ የውሃ መውጫው አልተዘጋም» ብሎ ጠብታ አዘዘላት። እኔ ግን አልገባኝም። ካልተዘጋ ውሃው ለምን አይወጣም? ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ «የማጣሪያው ሴሎች ላያቸው ይለወጣል፣ የታመመ የደም ሥር ላይ የሚታይ ምልክት ያወጣሉ» የሚል አነበብኩ። ምን ማለት ነው? እሱን የሚያጥብ ወይም የሚያጸዳ ሕክምና የለም? ለማንኛውም፣ እናቴ ዓይኗን ሲያሳክካት ለዓመታት ከፋርማሲ ዴክሳሜታዞን የሚባል ጠብታ እየገዛች ትጠቀም ነበር። ይገናኝ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ መጨረሻ ላይ «ለማንኛውም» ብለሽ ጣል ያደረግሻት ነገር ከጥያቄዎችሽ ሁሉ ትበልጣለች። እመለስባታለሁ። እናትሽ ያን ጠብታ አሁንም እየተጠቀሙበት ከሆነ ግን ይሄን ሳትጨርሺ ለሐኪማቸው ደውለሽ ንገሪ። ጽሑፉ የትም አይሄድም።

አሁን «ክፍት» ወደሚለው ቃል እንሂድ። ብዙ ሰው ያሳስታል። ተማሪ ሳለሁ እኔንም አሳስቶኛል።

ዓይናችን ውስጥ ውሃ አለ። እንባ ማለቴ አይደለም፤ እንባ ከውጭ ነው። ይሄኛው ከአይሪስ ጀርባ ይመነጫል። አይሪስ የምልሽ ያንን ቀለም ያለውን ክብ ነው። ከዚያ በብሌኑ ቀዳዳ ወደ ፊት ይወጣና አይሪስና ኮርኒያ፣ ማለትም ከፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን፣ በሚገናኙበት ጥግ በኩል ይፈሳል። መጠኑ ትንሽ ነው፤ በደቂቃ 2.5 ማይክሮ ሊትር ገደማ። ከመድኃኒት ብልቃጥ የምትወርድ አንዲት ጠብታ የሚያህል ውሃ ለመመንጨት 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ሌሊት ይቀንሳል እንጂ አያቋርጥም። የመነጨው ሁሉ ደግሞ መውጣት አለበት። መውጫው ትንሽ ከከበደው ግፊቱ ከፍ ይላል። ጤነኛ ዓይን ላይ ግፊቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። የእናትሽ 31 ነው፤ ብዙ ነው። ግላኮማ ዓይንን ከአንጎል ጋር የሚያገናኘው ነርቭ የሚጎዳበት በሽታ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው በዚህ ግፊት ነው።

ሐኪሙ «ክፍት» ያለው ያንን ጥግ ነው። ጎኒዮስኮፒ በሚባለው ምርመራ ትንሽ መስታወት ዓይን ላይ አድርጎ ያያል። አይሪሱ ጥጉን አልደፈነውም ማለቱ ነው። ይህን ማወቁ ግዴታው ነበር፤ የተዘጋ ጥግ ሕክምናው ሌላ ነውና። ግን የጥጉ መከፈት በሩ መከፈቱን ብቻ ነው የሚነግርሽ። በሩ ላይ ወንፊት አለ። የወንፊቱ ፊት በመስታወቱ ይታያል፣ ውስጡ አይታይም። ችግሩ ያለው ውስጡ ነው።

ይህ ወንፊት በሕክምና ስሙ ትራቤኩላር ሜሽዎርክ ይባላል። ስሙ ምላስ ስለሚያስር ወንፊት እያልኩ እቀጥላለሁ። ውሃው በወንፊቱ ሾልኮ ዓይንን ዙሪያውን የሚከብ ቀጭን ቦይ ውስጥ ይገባል፤ የሽሌም ቦይ ይባላል። ከዚያ ወደ ደም ሥር ይቀላቀላል። ሌላም መውጫ አለ፤ ጥቂት ውሃ ዓይን ውስጥ ባለ ጡንቻ መካከል ሰርጎ ይወጣል። ዋናው መንገድ ግን ወንፊቱ ነው።

የማድ ቤት ወንፊት ገለባ ሲይዘው ትመቺውና ይራገፋል። ሽቦ ነው፣ ሕይወት የለውም። የዓይን ወንፊት ግን ሕያው ነው። ክሮቹ በሴሎች ተሸፍነዋል። ሴሎቹ ከውሃው ጋር የሚመጣውን ቆሻሻ ይበላሉ። ክሮቹን ራሳቸው ይሠራሉ፣ አሮጌውን ራሳቸው ያፈርሳሉ። እንደ ጡንቻም ይኮማተራሉ፣ ይለቀቃሉ። ግፊት ከፍ ሲል ሴሎቹ ይለጠጡና መንገዱን ለማስፋት ይሞክራሉ። ስለዚህ «ምን ደፈነው?» ከሚለው ይልቅ «ሠራተኞቹ ምን ሆኑ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

አንድ ታሪክ ልንገርሽ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በ1963 ሞርተን ግራንት የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከሞቱ ሰዎች የተወሰዱ ዓይኖች ላይ ቀላል የሚመስል ሙከራ አሳተመ። ወንፊቱን ቀደደና ውሃው ምን ያህል እንደሚቀለው ለካ። ውሃውን የሚይዘው ኃይል ሦስት አራተኛው ያህል ጠፋ። ከዚያ በኋላ የመጡት ደግሞ ቦታውን አጠበቡት። ውሃውን በዋናነት የሚይዘው ከቦዩ ጎን ያለው የመጨረሻው ስስ ንብርብርና የቦዩ የውስጥ ግድግዳ ነው አሉ። ይህ ንብርብር ከወረቀት ውፍረት ያንሳል። የአንድ ሰው ማየትና አለማየት እዚያች ስስ ነገር ላይ ተንጠልጥሏል ብል አላጋነንኩም።

ቆሻሻ የሚደፍንበት ግላኮማ የለም አልልሽም። አለ። በእኛ አገር በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ በብዛት የምናየው ሱዶኤክስፎሊዬሽን የሚባል ዓይነት አለ። አመድ የመሰለ ነገር ሌንሱ ላይ ይታያል፣ ወንፊቱም ውስጥ ይገባል። ሐኪሙ ብሌኑን በጠብታ አስፍቶ ሲያይ ያውቀዋል። በተራው ክፍት ግላኮማ ግን እንዲህ ያለ ቆሻሻ አይገኝም። በማይክሮስኮፕ የሚታየው ሌላ ነው። ሴሎቹ በዚያ ዕድሜ ካለ ጤነኛ ሰው ያነሱ ናቸው። በቀሩት ሴሎች ዙሪያ የክሩ ዓይነት ይለወጣል፣ ይበዛል። ወንፊቱም ይጠጥራል። በ2011 የወጣ አንድ ልኬት የግላኮማ ወንፊት ከጤነኛው 20 እጥፍ ያህል የጠጠረ ነው ብሏል። ዓይኖቹ ከለጋሾች የተወሰዱ ናቸው። ይሄን ቁጥር እንደ መጨረሻ ቃል አትውሰጅው፤ አቅጣጫውን ግን ያሳያል።

አሁን ወዳነበብሽው ነገር። ሴል ስስ ሽፋን ያለው ከረጢት ነው። ሽፋኑ በፕሮቲን የታጨቀ ነው። አንዳንዱ ፕሮቲን ጆሮ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ መልእክት ይሰማል። አንዳንዱ በር ነው። አንዳንዱ እጅ ነው፤ ሴሉ የተቀመጠበትን ክር ጨብጦ ይይዛል። ሴሉ ሲለጠጥ ብቻ የሚከፈቱም አሉ፤ ሴሉ የግፊትን መጨመር የሚያውቀው በእነሱ ነው። የሴል ጠባይ ከላዩ ይነበባል። ላዩ ላይ ያሉት ፕሮቲኖች ሲቀየሩ ውስጡም ተቀይሯል ማለት ነው።

ያገኘሽው ጽሑፍ ምንጩ በ2001 ኔቸር ሜዲስን በሚባል የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሥራ ይመስለኛል። ኢላም-1 ስለሚባል ፕሮቲን ነው፤ ሌላ ስሙ ኢ-ሴሌክቲን። ይህ ፕሮቲን የሚታወቀው በደም ሥር ነው። የደም ሥር የውስጥ ግድግዳ ሲቆጣ ሴሎቹ ኢላም-1ን ወደ ላያቸው ያወጡታል። በደም ውስጥ የሚያልፉትን ነጭ የደም ሴሎች ልብስ ላይ እንደሚጣበቅ ጭጎጎት ይይዛቸዋል። ስብ ሊከማችበት በጀመረ የደም ሥር ላይ ቀድመው ከሚታዩ ምልክቶች አንዱ እሱ ነው። እነዚህ ተመራማሪዎች ያንኑ ፕሮቲን በግላኮማ ዓይኖች ወንፊት ሴሎች ላይ አገኙት። ግላኮማዎቹ መነሻቸው የተለያየ ነበር፣ ምልክቱ ግን አንድ ሆነ። ያስገረመው ይሄ ነው።

እዚያ ምን ይሠራል? ሴል ሲጎዳ ኡኡ ይላል። ኢንተርሉኪን-1 የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫል። ጎረቤቶቹ ይሰሙታል። የግላኮማ ወንፊት ሴሎች ግን የገዛ ኡኡታቸውን ራሳቸው ሰምተው እንደገና ኡኡ ይላሉ። ሰምተው ይጮሃሉ፣ ጮኸው ይሰማሉ። ዙሩ አይቆምም። ኢላም-1 የሚወጣው በዚህ ዙር ነው። እንደ ተዳፈነ እሳት ቁጠሪው፤ ነበልባል የለውም፣ ግን አልጠፋም። ዓይን አይቀላም፣ አያምም። እናትሽም ምንም ሳይሰማቸው ግፊታቸው 31 የደረሰው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይስታል። «እንግዲያው ኡኡታውን ዝም እናሰኘው» ይላል። ያው ጥናት ግን ሌላም ነገር አሳይቷል። ኡኡታው ሴሎቹን ከጉዳት ይጠብቃቸዋል። ኢንተርሉኪን-1 ደግሞ የውሃውን መውጫ ያቀልላል እንጂ አያከብድም። ስለዚህ ያነበብሽው «ምልክት» ራሱን ለማዳን የሚታገል ሴል ምልክት ነው። ትግሉ ለዓመታት ሲቀጥል ግን ራሱ ሊጎዳ ይችላል። እኔ እንደሚገባኝ ኢላም-1 የእሳቱ ጭስ ነው። ጭሱን በማራገብ እሳት አይጠፋም።

ሌላም መጠንቀቂያ አለው። እንዲህ ያለ ጥናት የሚሠራው ከለጋሽ ዓይን ወይም በኦፕራሲዮን ጊዜ ተቆርጦ በወጣ ቁራጭ ላይ ነው። ኦፕራሲዮን የደረሰ ሰው ደግሞ ለዓመታት ጠብታ የተጠቀመ ነው። የምናየው ለውጥ ከበሽታው ይሁን፣ ከመድኃኒቱ፣ ወይስ ከግፊቱ፣ መለየት ይከብዳል። ክሊኒክ ውስጥም ይህን የሚለካ ምርመራ የለም። «ኢላም እንለካልሽ» የሚል ቢመጣ ገንዘባችሁን አትስጡ።

የሴሉ ላይ ለውጥ እዚህ አያበቃም። ክር የሚጨብጡት እጆች ኢንቴግሪን ይባላሉ። እነሱም ይቀየራሉ። በግላኮማ በሽተኞች የዓይን ውሃ ውስጥ ቲጂኤፍ-ቤታ 2 የሚባል መልእክተኛ ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ይገኛል። እሱ ሴሎቹን «ክር አምርቱ፣ አጥብቁ» ይላቸዋል። ክሩ ይበዛል፣ እጆቹ ይጨብጣሉ፣ ወንፊቱ ይጠጥራል። ወንፊቱ ሲጠጥር ደግሞ ሴሎቹ የበለጠ ይጨብጣሉ። ሲዲ44 የሚባል ሌላ የላይ ፕሮቲንም አለ፤ ቁራጩ ተገንጥሎ ውሃው ውስጥ በብዛት ተገኝቷል። ይሄን አልፈዋለሁ፤ ብገባበት አንወጣም።

እጆቹን ያነሳሁት ለእናትሽ ጠብታ ነው። ዴክሳሜታዞን ስቴሮይድ ነው፤ ቁጣን የሚያበርድ መድኃኒት ማለት ነው። የወንፊት ሴል ላይ ዴክሳሜታዞን ጨምረሽ ብታቆዪው የሚሆነው ነገር በላቦራቶሪ ደጋግሞ ታይቷል። ኢንቴግሪኖቹ ይለወጣሉ። በሴሉ ውስጥ ያሉት ቀጥ ያሉ ክሮች ተቆላልፈው እንደ ጣሪያ ማገር ይሆናሉ፤ ሴሉ ይጠጥራል። ቆሻሻ መብላቱን ይቀንሳል። ዙሪያውን ክር ይከምራል። ማዮሲሊን የሚባል ፕሮቲንም በብዛት ያመርታል፤ የዚህ ፕሮቲን ጂን ከግላኮማ ጋር መያያዙ በ1997 ነው የታወቀው። ባጭሩ ስቴሮይድ ጤነኛን ወንፊት የግላኮማ ወንፊት ያስመስለዋል። ያውም በሳምንታት ውስጥ።

ሁሉም ሰው ላይ አይደለም። በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በተሠሩ ጥናቶች የስቴሮይድ ጠብታ ለሳምንታት ከተሰጣቸው ጤነኛ ሰዎች አንድ ሦስተኛው ያህል ግፊታቸው መጠነኛ ጭማሪ አሳየ። ከ100 አምስቱ ያህል ደግሞ በጣም ጨመረባቸው። ግላኮማ ያለባቸው ሰዎች ወይም የቅርብ ዘመዶቻቸው ላይ ይብሳል። እናትሽ ከየትኞቹ እንደሆኑ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ለምን እንደሚገዙት ይገባኛል። ጠብታው ይሠራል! ማሳከኩ በዕለቱ ይቆማል፣ ቅላቱ ይጠፋል። ርካሽ ነው። ያለ ማዘዣም ይገኛል። አንድ ጊዜ በአቧራ ዓይኑ የሚያሳክከው የ14 ዓመት ልጅ መጣልኝ። እናቱ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብታውን እየገዙ ሰጥተውታል። ክፋት የለባቸውም፣ ልጃቸው እንዲያነብ ነው የፈለጉት። ሲመጣ ግን በር እየገጨ ነበር። የዓይኑ ነርቭ አብዛኛው አልቋል። ግፊቱን አወረድነው፤ ነርቩን ግን መመለስ አልቻልንም። ያን ቀን እናቱን ምን እንዳልኳቸው አላስታውስም። የእጃቸውን መንቀጥቀጥ ነው የማስታውሰው።

ስለዚህ የእናትሽ ነገር ሁለት ሊሆን ይችላል። ተራ ክፍት ግላኮማ ኖሮባቸው ጠብታው አባብሶት ይሆናል። ወይም ሙሉ በሙሉ ከጠብታው የመጣ ይሆናል። ጎኒዮስኮፒ ሁለቱን አይለይም፤ ጥጉ በሁለቱም ክፍት ነው። የሚለየው ታሪኩ ነው። ሐኪሙ ካልተነገረው አያውቅም። ስቴሮይዱ ሲቆም ግፊቱ ብዙ ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይወርዳል። ለዓመታት የተጠቀመ ሰው ላይ ግን ላይወርድ ይችላል። ያን ጊዜ እንደ ማንኛውም ግላኮማ ይታከማል። ማሳከኩ ከተመለሰ ስቴሮይድ የሌለባቸው የአለርጂ ጠብታዎች አሉ፣ ሐኪሙ ያዝዛል። ፊት ላይ የሚቀባ ክሬምስ? በተለይ ፊት ያቀላሉ ከሚባሉት ውስጥ ኃይለኛ ስቴሮይድ ያለባቸው አሉ። በአፍ የሚወሰድ ክኒን፣ ለአስም የሚሳብ መድኃኒት፣ መርፌም ቢሆን ንገሩት። ክኒኑን ግን በራሳችሁ በድንገት እንዳታቆሙ፤ ያ ሌላ አደጋ አለው።

«የሚያጥብ የለም?» ላልሽው፣ የሚያጥብ የለም። ወንፊቱን የሚያናግር ግን አለ።

አብዛኞቹ ጠብታዎች ወንፊቱን አይነኩትም። ቲሞሎል የውሃውን ምንጭ ይቀንሳል። እናትሽ አስም ካለባቸው ቲሞሎል አይሆናቸውም፣ ይሄንንም ንገሩ። ላታኖፕሮስት በዋናነት ያንን ሁለተኛውን መውጫ ያሰፋል። ሁለቱም ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው። ወንፊቱ ግን እንደታመመ ይቀጥላል። በቀጥታ የወንፊቱን ሴል የሚያዝናና መድኃኒት የመጣው በቅርቡ ነው። ሪፓሱዲል በ2014 ጃፓን ውስጥ፣ ኔታርሱዲል በ2017 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ተፈቀዱ። የሴሉን የውስጥ ክር ያላላሉ፤ ሴሉ ጭብጡን ይለቃል። ኔታርሱዲል ዓይን ያቀላል፣ ብዙ ሰው በዚህ ይማረርበታል።

እኔን ይበልጥ የሚያስደስተኝ ሌዘሩ ነው። ኤስኤልቲ ይባላል። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው። ወንፊቱን አይበሳም። በጨረሩ የተነኩት ሴሎች ያንኑ ኡኡታ፣ ኢንተርሉኪን-1ን፣ ይለቃሉ። ኡኡታው ክሩን የሚቆርጡ ኢንዛይሞችን ይቀሰቅሳል፤ ወንፊቱ ይታደሳል ብለን ነው የምናስበው። ቅድም «ዝም እናሰኘው» ማለት ስህተት ነው ያልኩሽ ለዚህ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ተሠርቶ በ2019 በታተመ ሰፊ ጥናት በሌዘር ከጀመሩት ሕሙማን ከአራቱ ሦስቱ ያህል እስከ ሦስት ዓመት ያለ ጠብታ ግፊታቸው በቁጥጥር ሥር ሆኗል። ለእኛ የሚቀርበው ግን የታንዛኒያው ነው። ኪሊማንጃሮ አካባቢ ተሠርቶ በ2021 ወጣ። ከአንድ ዓመት በኋላ በሌዘር 61 ከመቶ ዓይኖች ሲሳካላቸው፣ በቲሞሎል 31 ከመቶ ብቻ ነው የተሳካላቸው። ጠብታ በየወሩ መግዛት ለሚከብደው ሰው ይሄ ልዩነት ትልቅ ነው። ማሽኑ ሁሉም ቦታ የለም። ባለበት ቦታ ካላችሁ ሐኪሙን ጠይቁት። በሌዘር የተገኘው ውጤት ከጊዜ ጋር ሊቀንስ ስለሚችል ክትትሉ አይቀርም።

እናትሽ የታዘዘላቸውን ጠብታ አያቋርጡ። ጠብታውን ካደረጉ በኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው የዓይናቸውን የውስጥ ጥግ በጣት ለሁለት ደቂቃ ይጫኑት፤ መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮ አይወርድም፣ ዓይኑ ውስጥ ይቆያል። በሚቀጥለው ቀጠሮ የዴክሳሜታዞኑን ብልቃጥ ባዶም ቢሆን ይዛችሁ ሂዱ። ከመቼ ጀምሮ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደተጠቀሙ ጽፈሽ ያዥ።

የእናትሽ ወንድሞችና እህቶችም ይታዩ። አንቺም ታዪ። ግፊት ብቻ ለክተው «ደህና ነሽ» ካሉሽ አትውጪ፤ «ነርቬንም እዩልኝ» በዪ። ግፊታቸው 18 ሆኖ ነርቫቸው ያለቀ ሰዎች አይቻለሁ።